የእንግሊዝኛ የዳቦና የኬክ ቃላት ከየት መጡ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቤታቸው ዳቦና ኬክ መጋገር ለሚማሩ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አሳያለሁ። አሠራሩን የምናነበው አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ዱቄት እየተነፋ፣ ሊጥ እየቦካ ጥያቄው ይመጣል፤ «ይሄ ቃል ግን ምን ማለት ነው?» መልስ ፍለጋ ስገባ ቃላቱ ራሳቸው ልቤን ወሰዱት። ከታች ያሉት ደጋግሜ የተጠየቅኳቸው ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእንግሊዝኛውን ቃል እንደሚነገረው በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

«ሎርድ» እና «ሌዲ» ከዳቦ የመጡ ቃላት ናቸው ይባላል። እውነት ነው?

አዎ፣ እውነት ነው። መጀመሪያ ስሰማ እኔም ተረት መስሎኝ ነበር።

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት በሚነገረው እንግሊዝኛ ዳቦ «ህላፍ» ይባል ነበር። ዛሬ «ሎፍ» የምንለው እሱን ነው። የቤቱ ጌታ ደግሞ «ህላፍዌርድ» ነበር። «ዌርድ» ጠባቂ ማለት ነው፤ ዛሬ «ጋርድ» ከሚባለው ቃል ጋር ዘመድ ነው። ሲገጣጠም «የዳቦ ጠባቂ» ይሆናል። ቃሉ ባፍ ሲመላለስ እያጠረ ሄደ። መጀመሪያ «ህላፎርድ»፣ በኋላ «ሎርድ» ሆነ።

የቤቱ እመቤት «ህላፍዲዬ» ነበረች። ሁለተኛው ክፍል ማቡካትን ያመለክታል። እናም «ዳቦ የምታቦካ» ማለት ነው። «ሌዲ» የሚለው የክብር መጠሪያ የተወለደው ከቡሆ ዕቃ አጠገብ ነው።

ሦስተኛ ቃልም አለ፤ ይሄኛው ግን ጠፍቷል። በጌታው ቤት የሚያድር አገልጋይ «ህላፍአታ» ይባል ነበር፤ «ዳቦ በሊ» ማለት ነው። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዷ ታቦካለች፣ ሌላው ይበላል። የአንድ ቤት ሙሉ ሥርዓት በአንድ ዳቦ ዙሪያ ተሰይሟል።

አንድ ነገር ልጨምር። በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጌታ «ዘ ሎርድ» ነው የሚባለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የዕለት እንጀራችንን» ብለው ሲጸልዩ፣ የሚለምኑት በጥንቱ ቃል የዳቦውን ጠባቂ ነው። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን ጸሎት በእንግሊዝኛ በሰማሁ ቁጥር ይሄ ትዝ ይለኛል።

ታዲያ «ብሬድ» የሚለው ቃል የት ነበር?

እሱም በዚያው ዘመን ነበር። ግን የሚጠራው ቁራሹን፣ ፍርፋሪውን ነበር። ሙሉው ዳቦ «ህላፍ» ነው። እስከ 1200 ገደማ ባለው ጊዜ ሁለቱ ቦታ ተቀያየሩ። «ብሬድ» የምግቡ አጠቃላይ ስም ሆነ። «ሎፍ» ደግሞ ተጋግሮ የወጣው አንድ ሙሉ ዳቦ ብቻ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ አንድ ድፎ ዳቦ አንድ «ሎፍ» ነው። ቆርሳችሁ ለጎረቤት የምትልኩት «ብሬድ» ነው።

ሶቪየት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችን «ኽሌብ» የሚለውን የሩሲያ ቃል ያውቁታል፤ ዳቦ ማለት ነው። የቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት ስላቮች ቃሉን የተዋሱት በጥንት ጊዜ ከጀርመን ወገን ቋንቋዎች ነው። «ሎፍ» እና «ኽሌብ» የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው።

«ካምፓኒ» በሚለው ቃል ውስጥ ዳቦ አለ የሚባለውስ?

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ።

በላቲን «ፓኒስ» ዳቦ ነው። «ኩም» ደግሞ «አብሮ» ማለት ነው። ሁለቱ ሲጋጠሙ «ኮምፓኒዮ» ሆኑ፤ ዳቦ አብሮ የሚበላ ሰው። «ኮምፓኒየን» የሚለው እንግሊዝኛ፣ ጓደኛ ማለት፣ ከዚህ መጣ። «ካምፓኒ» መጀመሪያ አብረው የተቀመጡ ሰዎች ማለት ነበር። ድርጅት የሆነው በኋላ ነው።

ቃሉ ግን ከላቲኖቹ ብቻ የመነጨ አይመስልም። ጎጥ የሚባሉት የጥንት ሕዝቦች ለባልደረባ «ጋህላይባ» ይሉ ነበር። «ጋ» አብሮ ነው። «ህላይባ» ያ የምናውቀው «ህላፍ» ነው። ላቲኑ እንዲህ ካለ የጀርመን ወገን ቃል ተቀድቶ እንደተሠራ አጥኚዎች ያምናሉ።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። «ባልንጀራ» የሚለውን ቃል ቀስ ብላችሁ በሉት። ባለ እንጀራ። አንድ መሶብ የቀረበ ሰው። ሮማዊው በዳቦ፣ ጎጡ በዳቦ፣ እኛ በእንጀራ፤ ሁሉም ጓደኝነትን የሰየመው አብሮ በመብላት ነው። «ኮምፓኒየን» ለሚለው ቃል ትርጉም ስጠየቅ «ጓደኛ» አልልም። «ባልንጀራ» እላለሁ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ሊኖረው አይችልም።

ደግሞ «ኩባንያ» የምንለው ቃል አለ። የሩቅ ምንጩ የጣልያንኛው «ኮምፓኚያ» ነው፤ ያው የዳቦው ቃል። የንግድ ፈቃድ ላይ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ኩባንያ» ተብሎ ሲጻፍ በመሃሉ ዳቦ ተቀምጧል ማለት ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ አላበቃም። ቤተሰብ የሚያስተዳድረውን ሰው «ብሬድዊነር» ይለዋል፤ ዳቦ አምጪ እንደማለት። በመንገድ ቋንቋ ገንዘብ «ብሬድ» ይባላል። «ዶ»ም ይባላል፤ ሊጥ ማለት ነው። እኛም ሥራ ሲገኝ «እንጀራ ወጣለት» እንላለን። ሥራው ሲቋረጥ «የእንጀራ ገመዱ ተበጠሰ» ነው። የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ ልጅ የምንለውም ከዚያው መሶብ ነው።

«ፍላወር» አበባ ነው ወይስ ዱቄት?

ሁለቱም ነው። አነባበቡ አንድ ነው፤ አጻጻፉ ይለያያል። ድሮ ግን አጻጻፉም አንድ ነበር፤ ምክንያቱም ቃሉ ራሱ አንድ ነው።

ዱቄት ስትነፉ አስቡት። ገለባው፣ ክክ ክኩ ወንፊቱ ላይ ይቀራል። ከሥር የሚወርደው ነጭና ልም ነው። ፈረንሳዮች ይህን «ፍለር ደ ፋሪን» ይሉታል፤ የዱቄት አበባ ማለት ነው። አበባ ሲሉ ምርጡን፣ የላይኛውን ማለታቸው ነው። እንግሊዞችም በዚያው አነጋገር የተፈጨውን ሁሉ «ሚል»፣ ምርጡን «ፍላወር» አሉት። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባወጣው ታላቅ መዝገበ ቃላት እንኳ ሁለቱን ለያይቶ አልጻፈም። የዱቄቱ አጻጻፍ ለብቻው የጸናው ከዚያ በኋላ ነው።

የእኛ «ዱቄት» በሌላ መንገድ ነው የመጣው፤ «ደቀቀ» ከሚለው ወገን ነው። እንግሊዙ ያየው የተመረጠውን ነው። እኛ ያየነው ወፍጮው ያደረገውን ነው።

ለሥራችሁ ደግሞ ይህን ያዙ። አሠራሩ «ኦል ፐርፐዝ ፍላወር» ካለ፣ ሱቅ ሄዳችሁ የፉርኖ ዱቄት ጠይቁ፤ ይሠራላችኋል።

«ዶ» ለምን በማይነበብ ፊደል ይጻፋል? «ኒድ» ፊት ያለችው «ኬ»ስ?

«ዶ» ሊጥ ነው። «ኒድ» ማቡካት፣ ማሸት ነው። በሁለቱም ውስጥ ዛሬ የማይሰሙ ፊደላት አሉ። ድሮ ግን ይሰሙ ነበር። «ዶ» መጨረሻው ላይ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ የእኛን «ኸ» የመሰለ ድምፅ ነበረው። ማቡካት «ክኔዳን» ነበር፤ «ክ»ዋ ጥርት ብላ ትሰማለች። ድምፁ ሲጠፋ ጽሕፈቱ ባለበት ቀረ።

ይሄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ በአማርኛ ዛሬ አንድ ድምፅ ናቸው። በግዕዝ ግን ለየራሳቸው ነበሩ። የእንግሊዝኛው «ኬ» እንደዚያ ናት።

«ዶ» ትልቅ ቤተሰብ አለው። ሥሩ በእጅ ማሸት፣ ቅርጽ ማስያዝ ማለት ነው። ከላይ ያየናት ሌዲ «ዲዬ» ከዚህ ናት። ወተት ቤት የሚባለው «ዴይሪ»ም ከዚህ ነው፤ «ዴዬ» የምትባል ሠራተኛ ነበረች፣ መጀመሪያ ዳቦ አቡኪ፣ በኋላ ወተቱንም የምትይዝ። ከሁሉ የሚደንቀኝ «ፓራዳይስ» ነው። በጥንታዊው የኢራን ቋንቋ «ፓይሪዳኤዛ» በግንብ የታጠረ ቦታ ነበር። «ዳኤዛ» ያ ግንብ ነው፤ ከታሸ ጭቃ የሚሠራ። ጭቃና ሊጥ በአንድ ቃል ተጠሩ። ጭቃ ለምርጊት ሲረገጥ ያየ ሰው፣ ከዚያ ሊጥ ያሸ ሰው፣ ለምን እንደሆነ አይጠፋውም።

አሠራሩ «ፕሩፍ ዘ ዪስት» ይላል። ማስረጃ ማለት አይደለም እንዴ?

ይህን የጠየቀችኝ የሕግ ባለሙያ የሆነች ተማሪዬ ናት። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ ቃሉ አንድ ነው። ላቲኑ «ፕሮባሬ» መፈተን ማለት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ፈተናውን ያለፈው ነገር ማስረጃ ሆነ። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ፈተናው ራሱ ቀረ። «እርሾው በሕይወት አለ ወይ? ፈትኑት» ነው የሚለው።

እንዲህ አድርጉ። በብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ ቅዱ። ጣታችሁን ሲያስገቡት ሙቀቱ ደስ የሚል እንጂ የሚያቃጥል አይሁን። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሙበት። እርሾውን ከላይ በትኑት። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቡናማ ፍሬው ውሃው ላይ ተንሳፎ ብቻ ይታያል። ከዚያ ጠርዙ ላይ ነጠብጣብ አረፋ ይወጣል። 10 ደቂቃ ሲሞላ የብርጭቆው አፍ በወፍራም አረፋ ይሸፈናል፤ ሽታውም ጠላ ጠላ ይላል። ያኔ እርሾው አልፏል። ምንም ካልተነሣ ዱቄታችሁን አታባክኑበት፤ እርሾ ለውጡ።

ቀጥሎ ሊጡ ኩፍ እስኪል የሚቆይበት ጊዜም «ፕሩፊንግ» ይባላል። እንግሊዝ አገር «ፕሩቪንግ» ይሉታል። «ዋተርፕሩፍ» የሚባለው ልብስም ይሄው ቃል ነው፤ በውሃ ተፈትኖ ያለፈ።

«ዪስት» ራሱ ከሚፈላ፣ ከሚያረፋ ነገር ስም የመጣ ነው። የቆዳ ሕመሙ «ኤክዜማ» በግሪክ በኩል የዚሁ ሥር ልጅ ነው፤ «ፈልቶ የወጣ» ማለት ነው። ቃሉ የተሰየመው በዓይን በሚታየው አረፋ ነው። አረፋውን የሚያወጣው ሕይወት ያለው ረቂቅ ፍጥረት መሆኑን ሉዊ ፓስተር ያሳየው በ1857 ነው። እናቶቻችን ግን እርሾ እንደሚሞት ከዚያ በፊትም ያውቁ ነበር።

«ሌቨን» የሚለውም እርሾ ነው። እሱ «ማንሣት» ከሚለው ላቲን ነው የመጣው፤ ፎቅ የሚያወጣን «ኤሌቬተር» ወንድሙ ነው።

«ባች» ከዳቦ ጋር ምን አገናኘው?

ግቢ የተማረ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። «ባቼ ነው» እንላለን፤ አብሮኝ የገባ፣ አብሮኝ የተመረቀ። እንግሊዝኛው «ባች» ደግሞ «ቤክ» ከሚለው ግሥ፣ ከመጋገር የወጣ ነው። በአንድ ጊዜ ምድጃ ገብቶ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ዳቦ ሁሉ አንድ «ባች» ነው። ከዳቦ ወደ ዕቃ፣ ከዕቃ ወደ ሰው ተዛመተ። ያው አንድ እሳት ያየ ነው። ከባልንጀራ ብዙም አልራቀም።

እግረ መንገዴን፣ «ባክስተር» የሚለው የቤተሰብ ስምም ከዚሁ ነው። በድሮው እንግሊዝኛ ወንዱ ጋጋሪ «ቤከር» ሲሆን ሴቷ «ቤከስትር» ነበረች። በመዝገበ ቃላት የምናውቀው «ዌብስተር»ም በዚያው አሠራር ሴት ሸማኔ ነበረች። በኋላ ለወንዶችም ዋለና የዘር ስም ሆኖ ቀረ።

«ቤከርስ ደዝን» ለምን 13 ሆነ?

ደርዘን 12 ነው። የጋጋሪ ደርዘን ግን 13 ነው።

ነገሩ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። በንጉሥ ሄንሪ 3ኛ ዘመን፣ በ1266፣ በእንግሊዝ የዳቦና የቢራ ደንብ ወጣ። የዳቦው ዋጋ እንዳለ ይቆያል። የሚለዋወጠው ክብደቱ ነው። ስንዴ ሲወደድ ዳቦው ያንሳል፤ ሲረክስ ይተልቃል። ክብደት ያጎደለ ጋጋሪ ይቀጣል። ሲብስ አደባባይ ላይ አንገቱና እጁ በእንጨት ተጠርቆ ሕዝብ ያየዋል።

በእጅ የተድቦለቦለ ሊጥ ደግሞ እኩል አይሆንም። እሳት ውስጥም ውሃው ይተናል። ጋጋሪው ሳያስበው ሊያጎድል ይችላል። ስለዚህ ለቸርቻሪ 12 ሲሸጥ አንድ መርቆ 13 አደረገው። በብዛት ተቀባይነት ያገኘው ማብራሪያ ይሄ ነው። ገበያ ላይ «መርቂልኝ» የምንለው ምርቃት ማለት ነው፤ ልዩነቱ የእነሱ ምርቃት ከፍርሃት የመጣ መሆኑ ነው።

ብስኩት፣ ኩኪስና ኬክ በስም ምን ያለያያቸዋል?

ብስኩት ላቲን ነው። «ቢስ» ሁለት ጊዜ፣ «ኮክቱስ» የበሰለ። ሁለት ጊዜ የተጋገረ ማለት ነው። ለመርከበኞችና ለወታደር ስንቅ የሚሆን ዳቦ ነበር፤ መጀመሪያ ይጋገራል፣ ከዚያ እንደገና ይደርቃል። እርጥበቱ ስለሚወጣ ለወራት አይሻግትም። ጀርመኖች «ዝዊባክ» ይሉታል፤ ትርጉሙ አንድ ነው። ዛሬ ሱቅ የምንገዛው ብስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚጋገረው። ስሙ ግን ሁለተኛውን እሳት ይዞ ቀርቷል።

አሜሪካ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ «ቢስኪት» ስትሉ የሚመጣው ለስላሳ፣ ትኩስ፣ በቅቤ የሚበላ ትንሽ ዳቦ ነው። እኛ ብስኩት የምንለውን እነሱ «ኩኪ» ይሉታል።

«ኩኪ» ደግሞ የደች ቃል ነው። «ኩክዬ» ትንሽ ኬክ ማለት ነው። ደቾች ዛሬ ኒው ዮርክ በምትባለው ከተማ ሰፍረው ነበር፤ እንግሊዞች በ1664 ከተማዋን ወሰዱ። ቃሉ ግን እዚያው ቀረ። እኛ ቃሉን ከነብዙ ቁጥሩ «ኩኪስ» ብለን ተቀበልን። አሁን «ኩኪሶች» ስንል ብዛቱ ሁለቴ ገብቷል። ምንም አይደለም፤ ቋንቋ ሲዋስ እንዲህ ነው። ድረ ገጽ ስትከፍቱ «ኩኪስ ይቀበላሉ?» የሚላችሁም ይሄው ቃል ነው። ነገሩን በ1994 የሠራው ሉ ሞንቱሊ የተባለ፣ የድረ ገጽ ማሰሻ ይሠራ የነበረው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ ነው፤ ስሙን የወሰደው የኮምፒውተር ሰዎች ቀድመው ይጠቀሙበት ከነበረው «ማጂክ ኩኪ» ከሚል አነጋገር ነው።

ኬክ ከሰሜን ሰዎች፣ ከቫይኪንጎች ቋንቋ ነው። «ካካ» ይሉት ነበር። መጀመሪያ ጠፍጣፋ ክብ ዳቦ ነበር እንጂ ክሬም የተቀባ አልነበረም።

«ኦቨን» እና «ፉርኖ» ዘመድ ናቸው?

አይደሉም። «ኦቨን» የጀርመን ወገን ጥንታዊ ቃል ነው። የእኛ «ፉርኖ» ከጣልያንኛው «ፎርኖ» ነው፤ ምድጃ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ግን የምድጃው ስም ለዳቦውም፣ ለዱቄቱም ሆነ። በእንግሊዝኛ የፉርኖ ዘመድ «ፈርነስ» ነው፤ ብረት የሚቀልጥበት ምድጃ። ሁለቱም ከአንድ የላቲን ቤት ወጥተዋል።

ክሮሳንት የተፈጠረው ቪየና ላይ ቱርኮች ሲሸነፉ ነው የሚለው ታሪክ ልክ ነው?

በ1683 ቪየና ተከበበች። ጋጋሪዎች ሌሊት ሲሠሩ የጠላትን ቁፋሮ ሰምተው ከተማዋን አዳኑ። ከዚያ የጠላትን ሰንደቅ ጨረቃ በሊጥ ሠርተው በሉ። ታሪኩ እንዲህ ነው የሚነገረው። ከበባው እውነት ነው። የዳቦው ክፍል ግን ማስረጃ የለውም። «ኪፕፈርል» የሚባል የጨረቃ ቅርጽ ዳቦ ከከበባው በፊት ለመቶዎች ዓመታት በኦስትሪያ ይታወቅ ነበር። ወደ ፓሪስ ያመጣው አውጉስት ዛንግ የተባለ ኦስትሪያዊ ነው፤ በ1830ዎቹ መጨረሻ እዚያ የቪየና ዳቦ ቤት ከፈተ። ፈረንሳዮች በቋንቋቸው «ክሮሳንት» አሉት፤ ግማሽ ጨረቃ ማለት ነው።

ሌላም አለ። ባለጸጎች «አፐር ክረስት» የሚባሉት የዳቦውን የላይኛውን ቅርፊት ስለሚበሉ ነው፣ አሽከሩ ከሥር ያረረውን ይበላ ነበር ይባላል። ይሄ በ1999 ገደማ በኢሜይል የተዛመተ ወሬ ነው። አነጋገሩ ለከፍተኛ መደብ የዋለው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ከላይ ያለው ቅርፊት ከላይ ላለው መደብ ምሳሌ ስለሆነ ብቻ ነው። እባካችሁ ይህን ለልጆች እንደ ታሪክ አታስተምሩ።

«ጂንጀርብሬድ» ዳቦ ነው?

መጀመሪያ አልነበረም። በድሮ ፈረንሳይኛ «ጀንጀምብራስ» በስኳር ወይም በማር የተቀመመ ዝንጅብል ነበር። እንግሊዞች መጨረሻውን ሲሰሙት «ብሬድ» መሰላቸው። እንደዚያው ጠሩት። ስሙ ዳቦ ከሆነ በኋላ ነገሩም ዳቦ ሆነ። ጆሮ ቃሉን ቀየረ፤ ቃሉ ምግቡን ቀየረ።

ደግሞ «ጂንጀር» እና የእኛ «ዝንጅብል» አንድ ቃል ናቸው! ምንጩ ህንድ ነው፤ በሳንስክሪት «ሽሪንጋቬራ» ይባላል። አንዱ በግሪክና በላቲን በኩል እንግሊዝ ገባ። ሌላው በፋርስና በዐረብ በኩል በቀይ ባሕር እኛ ጋ ደረሰ። «ሹገር» እና «ስኳር»ም እንደዚሁ ናቸው። ሥሩ «ሻርካራ» ነው፤ በህንድ ጠጠር፣ ኮረት ማለት ነበር። ቀረፋ ግን ተለያየ። እኛ ከዐረቡ «ቂርፋ» ወሰድን፤ ልጣጭ ማለት ነው፤ ከ«ቅርፊት» ጋር ዝምድናው ይሰማል።

ካስተርድና ቤኪንግ ፓውደርስ?

«ካስተርድ» የመጣው «ክረስት» ከሚለው ቃል ነው፤ ቅርፊት ማለት። በመካከለኛው ዘመን በሊጥ ቅርፊት ውስጥ የሚጋገር እንቁላልና ወተት ያለበት ምግብ ነበር። ቅርፊቱ ቀረ፤ ስሙ ለውስጡ ሆነ።

ዛሬ በቆርቆሮ የምንገዛውን የካስተርድ ዱቄት የፈጠረው አልፍሬድ በርድ ነው፤ የበርሚንግሃም የመድኃኒት ቀማሚ። ባለቤቱ እንቁላል አይስማማትም ነበር። በ1837 እንቁላል የሌለው ካስተርድ ሠራላት። እርሾም አይስማማትም ነበር። በ1843 ደግሞ ያለ እርሾ ኩፍ የሚያደርግ ዱቄት ሠራ። ቤኪንግ ፓውደር ስትጨምሩ ይህን አስቡ። አንድ ሰው ባለቤቱ እንደ ሰው ዳቦ እንድትበላ ብሎ የደከመበት ነው።

«ኤፕረን» የሚለው ሽርጥስ?

ድሮ «ናፕሮን» ነበር፤ ከፈረንሳይኛው «ናፕ»፣ ከጠረጴዛ ልብስ የወጣ። እንግሊዞች «ኤ ናፕሮን» ሲሉ «ን»ዋ ወደ ፊተኛው ቃል ተሻገረችና «አን ኤፕረን» ሆነ። ፊደል ያሰረቀ ፍጥነት ነው።

በመጨረሻ፣ «ሪሲፒ» ራሱ ምን ማለት ነው?

«ውሰድ» ማለት ነው። የላቲን ትእዛዝ ነው። ሐኪሞች ማዘዣ ሲጽፉ በዚህ ቃል ይጀምሩ ነበር፤ ይህን ውሰድ፣ ያን ውሰድ። መድኃኒት ቤት የምታዩት አር ፊደል እግሯ ላይ ተሰርዛ የምትጻፈውም የዚሁ ቃል ምልክት ናት። ወደ ወጥ ቤት የገባው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከውጭ ደውላ የድፎ አሠራር ስትጠይቃቸው ሲያስረዷት አጠገባቸው ነበርኩ። «ዱቄት ውሰጂ» ብለው ጀመሩ። «ስንት?» አለች። «የሚበቃሽን።» «ውሃስ?» «ዱቄቱ የሚጠጣውን።» ላቲኑን አያውቁትም፤ አጀማመራቸው ግን ቃል በቃል እሱ ነበር። ልጅቷ በስንት ኩባያ እንደሆነ እንድጽፍላት በኋላ ለእኔ ደወለች። እናቷ ጋ ሄጄ እጃቸውን እየተከተልኩ መዘንኩት፤ አንድ ኪሎ ዱቄት ስድስት መቶ ግራም የሚሆን ውሃ ጠጣ።